የደኑ ጎረቤቶች የት ሄዱ? ስለ ዱር ጥበቃ «አባቶች» ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ስለ ዱርና ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ታሪክ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ስለማይጻፍ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እየገፋሁ ስሄድ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ዱርን የመጠበቅ ሐሳብ የተወለደው አሜሪካ ነው፣ አባቱም ጆን ሙር ነው። እነዚህ አባቶች ያተረፉት ሰው ያልነካውን መሬት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ያሰበ ሰው አልነበረም። እንጦጦን ያበላሹት ባሕር ዛፍ ያስገቡት ምኒልክ ናቸው። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ የቀረውን ደን እየጨረሱ ያሉት ገበሬውና ማገዶ ለቃሚዋ ናቸውና አጥር ይታጠር፣ ጥበቃው ይጠንክር።

እኔ የምኖረው ሰበታ ነው። የወጨጫ ተራራ ከደጄ ይታያል፣ ጽሑፉ በስም የጠራው የመናገሻ ሱባ ደንም ያለው እዚያው ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«አባቱ ጆን ሙር ነው»

ሙርን ማንም አይክደውም። በ1838 ስኮትላንድ ደንባር ተወለደ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ዮሰማይት የሚባለውን ሸለቆ ካየ በኋላ ልቡ እዚያው ቀረ። በ1890 አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የእሱ ብዕር ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1892 ሴራ ክለብ የተባለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፣ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንቱም እሱ ነበር። በ1903 ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ጫካ ውስጥ አሳድሮ ስለ ደን ሲያወጋው ሰነበተ። ይህን ሁሉ ጸሐፊው በደንብ ጽፈውታል፣ እዚህ ላይ ጠብ የለኝም።

የዘለሉት ይበልጣል እንጂ። ሙር በ1869 በጋውን ሙሉ በዚያ ተራራ ላይ የቆየው በግ ከሚያግዱ ሰዎች ጋር ተቀጥሮ ነው። በኋላ እነዚያኑ በጎች «ሰኮና ያላቸው አንበጣዎች» እያለ ሲረግማቸው ኖረ። ከዚያ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ሆቴል የነበረው ሰው ቀጠረውና የእንጨት መሰንጠቂያ ሠርቶ ነፋስ የጣላቸውን ዛፎች ሲሰነጥቅ ቆየ። የዱር ጥበቃ አባት የሚባለው ሰው እንጀራውን የበላው በበግና በመጋዝ ነው! ለእኔ ይህ ያስከብረዋል። ደኑን በደንብ ያወቀው እዚያው ሲለፋ ስለዋለ ነው። ግን እኚሁ ጸሐፊ ሦስት ገጽ ወረድ ብለው በግ ጠባቂውንና እንጨት ለቃሚዋን የደን ጠላት ሲሏቸው፣ ታዲያ ሙርን የት ሊመድቡት ነው?

ሌላም አለ። ሙር ስለ ጥቁሮችና ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጻፋቸው የንቀት ቃላት አሉ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፣ እሱ ያቋቋመው ሴራ ክለብ ራሱ በ2020 በይፋ ያነሳው ጉዳይ ነው። ማኅበሩ መሥራቹን ለመመርመር ካላፈረ እኛ እዚህ ሰበታና ሱሉልታ ተቀምጠን ጻድቅ የምናደርገው ለምንድነው?

ሐሳቡ የተወለደው አሜሪካ ነው የሚለውም አያስኬድም። ሕንድ ውስጥ፣ ራጃስታን፣ ኸጅርሊ የምትባል መንደር አለች። በ1730 የጆድፑር ገዥ ሰዎች ለግንባታ የሚሆን እንጨት ሊቆርጡ መጡ። የመንደሩ ሰዎች ቢሽኖይ ናቸው፣ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ በእምነታቸው ክልክል ነው። አምሪታ ዴቪ የምትባል እናት ዛፉን አቅፋ ቆመች፣ ገደሏት። ልጆቿ ተከተሏት፣ ከዚያ የጎረቤት መንደር ሰው ሁሉ መጣ። ሲቆጠር የሞተው ሰው 363 ነበር ይላል ታሪኩ። ሙር ሊወለድ ገና 108 ዓመት ይቀረው ነበር። በ1974 ደግሞ በዚያው አገር፣ ሂማላያ ላይ፣ ሬኒ የምትባል መንደር ውስጥ ጋውራ ዴቪ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ ከቆራጮቹ ፊት ቆመች። ወንዶቹ ሆን ተብሎ ለካሣ ጉዳይ ወደ ከተማ ተጠርተው መንደሩ ባዶ በሆነበት ቀን ነው ይህ የሆነው። ቆራጮቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እነዚህ ሴቶች በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኙም።

«ያተረፉት ሰው ያልነካውን መሬት ነው»

ከሁሉም የከነከነኝ ይሄኛው ነው።

ዮሰማይት ሸለቆ ውስጥ አህዋኒቺ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በ1851 ማሪፖሳ ሻለቃ የሚባል ታጣቂ ኃይል ገብቶ መንደራቸውንና ለክረምት ያከማቹትን ምግብ አቃጠለ፣ ሕዝቡንም አስወጣ። ሙር ሸለቆውን መጀመሪያ ያየው ከዚህ 17 ዓመት በኋላ ነው። ዛፍ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለበትን ሰፊ መስክ አይቶ የፈጣሪ እጅ ብቻ የነካው መስሎት ነበር። መስኩን ግን የአገሬው ሰዎች ለዘመናት በየጊዜው ሣሩን እያቃጠሉ፣ ቡቃያውን እየነቀሉ ያቆዩት ነው። እነሱ ሲወጡ ዛፉ እየበዛ መስኩን ዋጠው። ከፊሎቹ ተመልሰው ሸለቆው ውስጥ መኖር ቀጥለው ነበር፣ ለቱሪስት ቅርጫት እየሸጡ፣ በሆቴሎቹ እየሠሩ። የመጨረሻዎቹ ቤቶቻቸው የፈረሱት በ1969 ነው። ሩቅ ጊዜ እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ጨረቃ ላይ የወጣበት ዓመት ነው።

የሎውስቶንም ያው ነው። በ1872 ፕሬዝዳንት ግራንት ሲፈርሙ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ እውነት ነው። ሾሾኒ፣ ባኖክ፣ ክሮው የሚባሉት ሕዝቦች ግን በዚያ መሬት ሲያድኑና ሲያልፉ ኖረዋል። በኋላ የፓርኩ አስተዳደር «እነሱ እኮ ፍልውሃውን ስለሚፈሩ አይቀርቡም» የሚል ወሬ አሰራጨ። ቱሪስት እንዳይሸሽ ነው። ከ1886 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል ፓርኩን ሲጠብቅ የነበረው ደግሞ የጦር ሠራዊት ነው።

ስለ ጦር ሠራዊት ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው ይህን ሰው እንዴት እንደዘለሉት አይገባኝም። ቻርልስ ያንግ ይባላል። በ1864 ኬንታኪ ውስጥ በባርነት ካሉ ወላጆች ተወለደ፣ ዌስት ፖይንት ከሚባለው የጦር አካዳሚ የተመረቀ ሦስተኛው ጥቁር ሆነ። በ1903 ከጥቁር ፈረሰኛ ወታደሮቹ ጋር ወደ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ተላከና የፓርኩ ኃላፊ ሆነ። ከእሱ በፊት ፓርኩ ነበር ማለት ስም ብቻ ነበር፣ ወደ ግዙፎቹ ዛፎች ጋሪ የሚያስገባ መንገድ እንኳ አልነበረውም። ያንግ በአንድ በጋ መንገዱን ጨረሰው። ሰው ገብቶ ዛፎቹን ማየት የጀመረው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሙርና ሩዝቬልት ገደል አፋፍ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶ የትም አለ። መንገድ የቆፈሩት ወታደሮች ግን የሉበትም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ሀዋርድ ዛኒሰርን በማንሳታቸው አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጮክ ብሎ የማይናገር የቢሮ ሰው ነበር። የአሜሪካን የዱር መሬት ሕግ አረቀቀ፣ ምክር ቤቱ ሲመልስበት እንደገና አረቀቀ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲል ረቂቁ 66 ደረሰ። በግንቦት 1964 ሞተ። ፕሬዝዳንት ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት መስከረም 3 ቀን ነው፣ ሲፈረም ባለቤቱ ቆማ አየች፣ እሱ አላየም። በአንድ ፊርማ 3.7 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ተጠበቀ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሕጉ ዱር ማለት ሰው ጎብኝቶ የሚያልፍበት እንጂ የማይቀመጥበት መሬት ነው ይላል። ሰዎቹ አስቀድመው እንዲወጡ በተደረጉበት አገር ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ይሄው ሐሳብ እኛ አገር ሲደርስ ምን እንዳደረገ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የደን ባለሙያውን አልዶ ሊዮፖልድን ደግሞ ጸሐፊው ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። በ1924 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የጊላ ዱር መንገድና ግንባታ እንዳይገባበት ያስከለለው እሱ ነው፣ ትክክል። ወጣት እያለ ተኩላ ይገድል ነበር፣ ተኩላ ካለቀ አጋዘን ይበዛል ብሎ። አጋዘኑ በዛና ተራራውን ላጨው፣ እሱም ሐሳቡን ለወጠ፣ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። የቀረው ግማሽ ይሄ ነው፦ በ1935 ዊስኮንሲን ውስጥ አፈሩ የተሟጠጠ፣ የተተወ እርሻ ገዛ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ቅዳሜና እሑዱን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ችግኝ ሲተክል አሳለፈ፣ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ። በ1948 የሞተውም የጎረቤቱን ሣር እሳት ሲያጠፋ ልቡ ቀጥ ብላ ነው። እንጦጦን፣ የካን፣ ወጨጫን ለሚያይ ሰው የሚጠቅመው ሊዮፖልድ ይሄኛው ይመስለኛል። እኛ ጋ ያልተነካ የሚባል የለም፣ የተጎዳ ነው ያለው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ያሰበ አልነበረም»

ይህን ስጽፍ ቀና ብል የማየው ወጨጫን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ ተራራ ላይ አስተከሉ ይባላል። ወፍ ዋሻ አንኮበር አቅራቢያ ያለው ደን ነው። ነገሩ በታሪክና በአፈ ታሪክ መሃል ያለ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ መከራከር ይቻላል። የመናገሻ ሱባ ደን ግን እዚያው አለ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከላይ ኮሶ፣ ከዚያ ወዲያ አስታ። ጉሬዛው አለ፣ የምኒልክ ደኩላ የሚባለውም አለ። የሎውስቶን ፓርክ ከመባሉ በፊት ይህ ደን ለ400 ዓመት ያህል የመንግሥት ደን ሆኖ ኖሯል። ያሰበ ሰው ከሌለ ማን አቆየው?

ንጉሥ ያስጠበቀው ደን ነው፣ ሕዝቡስ? ካላችሁ ወደ መንዝ እንሂድ።

ጓሳ የሚባለውን ስፍራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል መሄድ ይቻላል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አካባቢውን ሲያስተዳድሩ የኖሩት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ናቸው፣ ሥርዓቱም ቄሮ ይባላል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። ጓሳው ይዘጋል፣ ለሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ለአምስት ሊሆን ይችላል። ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ አይተው ይመክራሉ፣ ቀኑ ይታወጃል፣ ሰው ገብቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲጠነክር፣ ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ላይ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ዘበኛው የመንደሩ ሰው ነው፣ የደፈረ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። እንዲህ ሲደረግ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያው ኖረ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፣ ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ፣ ሰውም እንደፈለገ ገባ። በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ መልሶ ያዘው። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያጠናው ዘለዓለም ተፈራ የሚባል የአገራችን ባለሙያ ነው። ጸሐፊው ለአንድ የእንግሊዝ መኮንን ሁለት አንቀጽ ሰጥተው ለዚህ አንድ ቃል አጡ።

የቤተ ክርስቲያን ደንም አለ። ደቡብ ጎንደርን ከሰማይ ያየ ሰው የሚያየው እርሻና ግጦሽ ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ቦታ አለ፣ እያንዳንዱ አረንጓዴ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ዓለማየሁ ዋሴ የተባለው የደን ተመራማሪ እነዚህን ደኖች አጥንቶ፣ ከቄሶቹና ከምእመኑ ጋር ተመካክሮ ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርጓል። ድንጋዩን ከየማሳው ለቅሞ የካበው ገበሬው ነው። ማሳው ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ። ሩቅ መሄድ ካልፈለጋችሁ እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል ውጡና ግቢያቸውን እዩት።

ጌዴኦንም ልጨምር። ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው፣ ሰው ተጠጋግቶ እየኖረ መሬቱ ከሩቅ ሲታይ ደን ነው። በ2023 ዩኔስኮ በአንዱ ስብሰባው ሁለት የኢትዮጵያ ስፍራዎች መዘገበ፣ አንዱ የባሌ ተራሮች ፓርክ፣ አንዱ ጌዴኦ። አንዱ በፓርክነት፣ ሌላው ሰው የሚኖርበት ሆኖ።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ። ጁልያን ሀክስሊ የመራው የዩኔስኮ ቡድን በ1963 መጣ፣ ሌስሊ ብራውን ስለ ተራራዎቻችን ጻፈ፣ ጆን ብሎወር ከ1965 ጀምሮ መንግሥትን አማከረ፣ ክላይቭ ኒኮል ስሜን ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያው ዋርደን፣ ማለትም የፓርኩ ኃላፊ፣ ሆነ። ሠርተዋል፣ ማንም አይነፍጋቸውም። ዋልያ ዛሬ ኖሮ የምናየው በእነሱም ድካም ነው። ግን የአደን አዋጅ እነሱ ከመምጣታቸው ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በ1936 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ስሜን ላይ ደግሞ ከኒኮል ጋር ገደል ለገደል ሲወጡ የነበሩት ጠብመንጃ ያነገቱ የአገሬው ዘበኞች ናቸው። ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

ያ ሰው የማይቀመጥበት ዱር የሚለው ሐሳብ የመጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል ከረዩ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ከብታቸውን የሚያጠጡበትንና የሚያግዱበትን መሬት አጡ። ያውም ሌላውን መሬታቸውን የመተሐራ ሸንኮራ እርሻ ወስዶባቸዋል። ለሸንኮራ ሲሆን ልማት፣ ሳላ ለሚባለው የዱር እንስሳ ሲሆን ጥበቃ፣ ለከረዩ ግን ሁለቱም መፈናቀል ነው። ስሜን ውስጥ ደግሞ ግጭ የምትባለው መንደር ነበረች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ካሣ ተሰጥቷል፣ ተራራውም ማገገም ያስፈልገው ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ጸሐፊው የመዝገቡን ዜና ብቻ ነግረውን ግጭን ሲዘሏት አንባቢ ግማሽ ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

«እንጦጦን ያበላሹት ምኒልክ ናቸው»

እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእንጦጦ ጥድ ለቤትም ለማገዶም እየተቆረጠ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲመጣ ተራራው ብዙውን ተላጭቶ ነው ያገኘው። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ከሆለታ ወዲያ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ አዲስ ዓለም ማርያም ነው። ከተማዋን ያስቀራት በጥቂት ዓመት የሚደርስ፣ ቢቆርጡት ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ መገኘቱ ነው።

ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም፣ እስማማለሁ። ጓሮዬ ላይ ልትከል ብትሉኝ እምቢ እላለሁ። ግን በወጨጫ የቀረው ጥድ ያልተቆረጠው ከተማው የሚያነደው ሌላ እንጨት ስለነበረው ጭምር ነው። ምኒልክን መውቀስ የሚፈልግ በሌላ ይውቀሳቸው። አሁን ሥራው ቀስ በቀስ መተካት ነው፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር እንጦጦ ላይ የጀመረው ይህንኑ ነው፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታሩ ላይ ባሕር ዛፉን እያነሳ አገር በቀሉን እየተከለ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ ዕድሜያቸውን የሰጡት የእነዝግባንና የእነጥድን ዘር እንዴት ማብቀል እንደሚቻል ለማወቅ ነው። ችግኝ እንትከል ማለት ቀላል ነው፣ የዝግባ ዘር ግን ብን አድርገህ ስለዘራኸው አይበቅልልህም። ይህን የፈታ ሰው ከሩዝቬልት ፎቶ አይተናነስብኝም።

«ጠላቶቹ ገበሬውና ማገዶ ለቃሚዋ ናቸው»

ጸሐፊው የሚኖሩት የት እንደሆነ አላውቅም። እንጀራ እንደሚበሉ ግን እገምታለሁ።

ከእንጦጦ፣ ከየካ፣ ከዚህ ከእኛም ተራራ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ሁላችንም አይተናል። ጀርባቸው ላይ ከ30 ኪሎ በላይ ጭራሮና ቅጠል ነው ያለው። ቅጠሉ ለምጣድ ነው። የሚሸከሙት በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ቅጠልና የደረቀ ቅርንጫፍ ነው እንጂ የ300 ዓመት ጥድ አይደለም፣ የ300 ዓመት ጥድ በጀርባ አይወርድም። እሱ የሚወርደው በመጋዝና በመኪና ነው፣ ማታ። ገዢ ባይኖር ደግሞ ሴትየዋ አትወጣም። ገዢው እኛው ነን። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፣ እዚህ ዳር ከተማ ላይ መብራቱ ጾም ሊገባ ሲል ወይም ለበዓል ዋዜማ ልክ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ነው የሚጠፋው፣ ሊጡ ቦክቶ እየጠበቀ ምን ይደረግ? ቅጠል ይገዛል። እና ጥፋቱ የሸካሚዋ ነው?

በእኛ በኩል ደን ሲያልቅ የማየው በሌላ መንገድ ነው። ቦታ ይሸጣል፣ ድንጋይ ማውጫ ይከፈታል፣ መንገድ ይገባል፣ አጣናው ለግንባታ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ይመጡና ፎቶ ይነሳሉ፣ ከጽሑፍ ጋር የሚወጣው ፎቶም የእነሱ ይሆናል።

ኬንያዊቷን ዋንጋሪ ማታይን ጸሐፊው ችግኝ ተካይ ናት ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተዋታል። ማታይ በ1977 ግሪን ቤልት የተባለውን እንቅስቃሴ ስትጀምር ችግኙን ያስተከለችው እኮ እነዚህኑ ማገዶ የራቀባቸውን የገጠር ሴቶች ነው፣ ለበቀለላቸው ችግኝ ትንሽ ገንዘብ እየከፈለች። ናይሮቢ ዳር ካሩራ የሚባል ደን አለ፣ ልክ እንደ እኛ ተራሮች ከተማ የሚያላምጠው ደን ማለት ነው። የደኑን መሬት ባለሥልጣን የሚያውቁ ሰዎች ተከፋፍለውት ነበር። በጥር 1999 ማታይ ችግኝ ልትተክል ስትሄድ የተቀጠሩ ጎረምሶች ራሷን ፈነከቷት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ክሱን የፈረመችው ከራሷ በሚፈስሰው ደም ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደች፣ ደኑም ተረፈ። ዛሬ ካሩራ አጥር አለው፣ የኤሌክትሪክ አጥር። ስለዚህ አጥርን እንደ አጥር አልቃወምም። እዚያ ያጠሩት ግን ከአጎራባች መንደሮች ጋር ማኅበር ፈጥረው ነው፣ ከድሃው ሰፈር የመጡት ወጣቶች ጥበቃም ሠራተኛም ሆነው። ብራዚል ውስጥ ቺኮ ሜንዴስም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። የጎማ ዛፍ እያደማ የሚኖር ሠራተኛ ነው፣ ደኑ ይቆይ፣ እኛም ውስጡ እንሥራ አለ። በታኅሣሥ 1988 ቤቱ ደጃፍ ላይ ገደሉት። በ1990 ሰው እየሠራበት የሚጠበቅ ትልቅ የደን ክልል በስሙ ተከለለ።

ጸሐፊው የሚሉት ጥበቃ ግን ሸክም አስጥሎ ገመድ የሚቀማ ዘበኛ ነው። እሱም ራሱ በትንሽ ደመወዝ የሚኖር የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው፣ ዛሬ የቀማት ሴት የእናቱ ጎረቤት ናት። በዚህ አያያዝ ደን ሲጠበቅ አላየሁም። ለሴቶቹ ባሕር ዛፉን በተራ የሚያጭዱበት ቦታና ቀን ይሰጣቸው፣ መንዞች ለጓሳ እንዳደረጉት፣ ጥዱን የነካ ግን ማንም ይሁን ማን ይቀጣ። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፣ የተሻለ ያለው ያምጣ።

በመጨረሻ ጸሐፊው በእንጦጦ የእግር መንገዶች ላይ የእነዚህ የዱር አባቶች ስም ይሰየም ብለው ሐሳብ አቅርበዋል። ይሰየም፣ አልቃወምም። ለሙር አንድ ስጡት፣ በግ የሚያልፍበት ቢሆን ደስ ይለኛል። ለሊዮፖልድ ባሕር ዛፍ ተነስቶ ኮሶ የተተከለበትን ስጡት። ማታይ፣ ጋውራ ዴቪና የመንዝ አባ ቄራዎች ካልገቡበት ግን እኔ ስሙን አልጠራም። ቅጠል ተሸካሚዎቹ የሚወርዱበት መንገድ በእነሱ ስም ይጠራ፣ እነሱ ናቸው በእግራቸው ያወጡት። ቻርልስ ያንግን ደግሞ እንዳትረሱብኝ፣ ከሁሉም መሃል መንገድ ቆፍሮ የሠራው እሱ ነው።